የእትዬ ማዘንጊያ ፖስታ

ካርቱም ውስጥ ከፀሐይና ከመዋጮ ሰብሳቢ ያመለጠ አበሻ የለም። በየሰፈሩ አንድ አለ። የእኛ የካላክላዎቹ ክብርት እትዬ ማዘንጊያ ናቸው።

እትዬ ማዘንጊያን ፖስታ ይዘው ያየ ሰው "ምን ፈለጉ?" አይልም፤ "ማን ሞተ?" ነው የሚለው። ለቀብር ይሰበስባሉ፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አጥቶ ለታሰረ ይሰበስባሉ። የለኝም ላለ "ያላ ልጄ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" ይሉና በሩ ላይ ይቆማሉ። አይቆጡም፣ አይሄዱም። እኔ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ የስልክ ሽፋን ሸጬ የምኖር ሰው፣ ድምፃቸውን ስሰማ ስንቴ መታጠቢያ ቤት ተደብቄያለሁ። አንድ ቀን እስክወጣ ጠበቁኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ መጡ። ማን ሞተ አልኳቸው፤ ማንም አሉ። የታመመችው የገዛ ልጃቸው ገሊላ ነበረች፣ የሰባት ዓመቷ። ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ወጥቶባታል፤ ብዙ ሐኪም አይቶት የማያውቅ ዓይነት ነው። ኪሴን ስዳብስ፣ ለሕክምናዋ አይደለም አሉኝ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከተዋወቋቸው ሦስት ሱዳናውያን እናቶች ጋር ሆነው ይህን ዕጢ ለሚያጠኑ ሐኪሞች ነው የሚሰበስቡት። ጥናቱ ዓመታት ይፈጃል። ገሊላ ግን ያን ያህል ጊዜ የላትም። ግራ ገባኝ፤ ግራ እንደገባኝ ሰጠሁ።

ከእኔ የባሰው ጎረቤቴ ቢልልኝ ነው። ለታመመች ልጅ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለሕክምና ካልሆነ ለቀብር ነው ብሎ ደመደመና ለእድሩ ተናገረ። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ማዘንጊያ ደጅ ድንኳን ተተከለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ ሁለቱ ማልቀስ ጀምረው ነበር።

በሩ ተከፈተና ገሊላ ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

"ማን ሞተ?" አለች።

እኔ ጫማዬን አየሁ። እናቷ ተከትለዋት ወጡና ድንኳኑን አዩ፣ ቢልልኝን አዩ። ያባርሩናል ስንል ተመልሰው ገብተው ፖስታውን ይዘው መጡ። ከተሰበሰባችሁ አይቀር አሉና ከፊተኛው ወንበር ጀመሩ። የዚያን ቀን መታጠቢያ ቤት የሚደበቅ አልነበረም።

እኔ ጋ ሲደርሱ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ለገሊላ ካልደረሰ ለማን ነው?

"ለማላውቃት ልጅ" አሉኝ። "ሐኪሙ 'አላውቅም' ሲለኝ እኔ የቆምኩበት ቦታ፣ እናቷ እንዳትቆም።"

እኚህን ሴት ስሸሻቸው መኖሬ አሳፈረኝ። ለካ እወዳቸዋለሁ።

አሁን ከገሊላ አጠገብ ስለማይለዩ ፖስታውን የምይዘው እኔ ነኝ። ትናንት ጀሪፍ ሰፈር ሄጄ፣ ሰው ቤት የምትሠራዋን የወሎዋን የዘሃራን በር አንኳኳሁ። ፖስታውን አይታ "ማን ሞተ?" አለችኝ። ማንም አልኳት።

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"እኔም በደንብ አልገባኝም" አልኳት።

በሩ ላይ ቆምኩ። አልተቆጣሁም፣ አልሄድኩም።