ማውስ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማርንበት አርባ ቀን

ከጨለማ ወደ ብርሃን ለመሸጋገር የታደለች አንዲት የጃቫ መንደር ነበረች። ብርሃኑ እኛ ነበርን። ዩኒቨርሲቲያችን አርባ ቀን ገጠር ወርዶ ሕዝብ ያላገለገለ፣ ሪፖርቱንም ያላስገባ እንዳይመረቅ ስለደነገገ፣ እኔና ጓደኞቼ በመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ልጆቹን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ልናስተምር ዘመትን።

በቅድሚያ የተሠራው ሥራ ባነር ነው። ርዝመቱ አራት ሜትር ሲሆን የሁላችንም ፎቶ ነበረበት። መስኮቶቹን ሁሉ ስለሸፈናቸው፣ ብርሃን ይዘን የመጣነው ሰዎች በቀትር አምፖል አብርተን ማስተማር ግድ ሆነብን። ከዚያ ሪባን ተቆረጠ፤ የመንደሩ ሹም ስለ መጪው ዘመን ንግግር አደረጉ፤ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በላን፤ ፎቶም ተነሣን።

ሥርዓተ ትምህርቱ በጥልቅ ጥናት የተዘጋጀ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት «ማብራትና ማጥፋት»፣ ሁለተኛው «ማውስና አያያዙ»። ማውሱ ለእኔ ደረሰኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ሃያ ሁለት ልጆች እጃቸውን አጣምረው ያዳምጡኛል።

«ገባችሁ?»

«ገባን፣ ማስ ዳናንግ» ይላሉ፣ እንደ ታላቅ ወንድም ማስ እያሉ እየጠሩኝ።

አንድ ቀን የአሥራ ሦስት ዓመቷ ወኒንግ እጇን አወጣች።

«ማስ፣ ዛሬ ቶሎ ልውጣ? በአጎቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰው ይጠብቀኛል።»

«ከዕውቀት የሚበልጥ ጉዳይ የለም። ገና ራይት ክሊክን አላየንም።»

«እሺ፣ ማስ» ብላ ተቀመጠች።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ሪፖርቱ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት በድረ ገጹ ካልገባ ምርቃት የለም። እናቴ ደግሞ ለምርቃቴ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች። መቶ አርባ ፎቶ የተሸከመውን ሪፖርት ላክነው፤ ድረ ገጹ «ከልክ በላይ ትልቅ ነው» ብሎ መለሰው። የቡድን መሪያችን ላራስ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ ደግማም አጥፍታ አበራችው። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ወንበሩን እኔ ተረከብኩ።

«ማስ፣ ልሞክረው?» አለች ወኒንግ ከኋላዬ።

ተነሣሁላት። ማውሱን በጣቷ እንኳ አልነካችውም። በኪቦርድ ብቻ ፎቶዎቹን አሳንሳ ሪፖርቱን ጫነችው፤ ሁለት ደቂቃም አልፈጀባት።

«ማን አስተማረሽ?»

«አጎቴ ጋ ነዋ። የመንደሩን ማመልከቻ ሁሉ እኔ ነኝ የምልከው፣ የሹሙንም ጭምር።»

«ሌሎቹስ ልጆች?»

«እነሱም ይችላሉ።»

«ታዲያ አርባ ቀን ሙሉ ምነው ዝም አላችሁ?»

መሬት መሬት አየች። «ታላላቆቻችን ናችሁ፤ እንግዳም ናችሁ። እናቴ ደግሞ፣ ለፍተው ተዘጋጅተዋል፣ እንዳታሳፍሯቸው ብላናለች።»

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። መንደሩ በሙሉ አርባ ቀን ሲያስታምመን ከርሟል። አፈርኩ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

ድረ ገጹ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር፦ «ኮምፒውተር የተማሩ ሰዎች ብዛት»።

«ሃያ ሁለት ልበል?» አለች ወኒንግ በትሕትና።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የእናቴ ቀሚስ ትዝ አለኝ።

«በይ» አልኳት።

ማታውኑ መምህራችን ደወሉ። ሃያ ሁለት ነፍስ ከድንቁርና ያወጣ ፕሮግራም ለከርሞም እንዲቀጥል ተወስኗል። በማግስቱ ስንሰናበት የምሥራቹን ለወኒንግ ነገርኳት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ተማሪዎች ይመጣሉ አልኳት።

ደብተሯን አወጣች።

«እሺ፣ ማስ። ለእነሱስ ከምን እንጀምርላቸው?»