የባዶው ፎቅ ኮሚቴ

ስብሰባ የሚወድ ጎረቤት አለዎት? እኛ ኮልፌ ውስጥ ጋሽ ታደሰ አሉን። ባለቤቱ ጀምሮት ለጠፋው ባዶ ፎቅ መላ እንፈልግ ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢም ሆኑ። ይኸው በየእሁዱ እንሰበሰባለን፤ እኛ ደከመን እንጂ ፎቁ ምንም አልሆነም።

በቀደም እሁድ ከፎቁ ጎን የሚኖሩት እትዬ ከድጃ ተነሡ።

«ኧረ በአላህ፣ ግድግዳው ወደ ጓዳዬ አዘንብሏል!»

«እሱ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ይታያል፤ ይቀመጡ» አሏቸው ጋሽ ታደሰ።

ልዩ ልዩ ላይ ሳንደርስ ግድግዳው ሲናድ ተሰማ። ሮጠን ስንደርስ ጓዳው የለም፤ ድስቱም ሰሃኑም ብሎኬት ሥር ነው። እትዬ ከድጃ ብሎኬቱን እያነሱ ድስታቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያችሁ? ስብሰባ ባይመጡ ኖሮ እኮ ጓዳ ነበሩ!»

ምን ይባላል? አጨበጨብን።