ጋሽ ተካልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ወዴት ነው?

እኛ ሰፈር ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። መሄድ ምክንያት አለው፤ ለቅሶ ነው፣ ንግሥ ነው፣ ማኅበር ነው፣ የታመመ ጥየቃ ነው፣ ቢያንስ ቢያንስ የሰፈሩ ወፍጮ መብራት ጠፍቶበት በርበሬ ሊያስፈጭ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ የተገናኘን እንደሆነ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው «ወዴት ነው?» ነው። እናንተ ጋ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ኮልፌ ግን ይህን ጥያቄ የማይመልስ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። «ዝም ብዬ» የሚባል መልስ የለም። ዝም ብሎ ሲሄድ የማውቀው ደመና ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሆነ ቦታ ሊዘንብ ነው።

እኔ ደግሞ ጥያቄውን ከሌላው ሰው አብልጬ እጠይቃለሁ። ሱቄ መታጠፊያው ላይ ነች፤ መስኮቷ በግራ እስከ ታክሲው ፌርማታ፣ በቀኝ እስከ ጋሽ ተካልኝ በር ታሳያለች። ሰው «የሺ ወሬኛ ናት» ይለኛል። መስኮቷን እንደዚያ አድርጎ የሠራት አናጢው ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?

ጋሽ ተካልኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ እትዬ አስካለ ሠላሳውን ዓመት በር በሩን ስታይ ኖረች። ዓምና ጡረታ ሲወጣ «የሺዬ፣ ገና አሁን አገባሁ» ብላ የሳቀችውን ሳቅ አልረሳውም። ሁለት ወር ባል ነበራት። በሦስተኛው ወር ጋሽ ተካልኝ ከመርካቶ ሳይክል እየገፋ መጣ። ለልጅ ልጁ ይሆናል አልን። የልጅ ልጅ የለውም፤ ግን ሰው ሲደነግጥ ይህን ሁሉ አያስታውስም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ መስኮቴን ስከፍት ያየሁትን እስከ ዛሬ ማመን ያቅተኛል። የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ የእድራችን አባል፣ ጭኑ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ቁምጣ ለብሶ፣ ጭንቅላቱ ላይ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ነገር አስሮ በሳይክል በፊቴ አለፈ። ቁምጣ! ያ ጭን በፀሐይ ዓይን ታይቶ የማያውቅ ጭን ነው። የያዝኩት ዳቦ ከእጄ ወደቀ።

«ወዴት ነው ጋሽ ተካልኝ?»

«እንዲያው ዝም ብዬ» አለና በአስኮ መንገድ ሽው አለ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ጫማው ጭቃ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ፊቱ ግን የሙሽራ ፊት። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄደ። በሚቀጥለውም። አራት ቅዳሜ ቻልኩ። ከኔ በላይ የቻለ ካለ ይምጣ። በአምስተኛው ሳምንት እትዬ አስካለ ልብስ ስታሰጣ ተጠጋኋትና፣ አፌ ይቆረጥ፣ «ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው ጭኑን የሚያሳየው ለሚያይለት ሰው ነው» አልኳት። የያዘችው አንሶላ መሬት ወረደ። አንሥታ አላራገፈችውም። ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ።

ቅዳሜ እሱ እንደወጣ ተከትለን ታክሲ ያዝን። እትዬ አስካለ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃለች፤ ከነጠላው ሥር የሆነ ረጅም ነገር ታቅፋለች። አስኮ ስንደርስ ታክሲው ጉድጓድ ገብቶ ሲዘል ነገሩ ብቅ አለ። ዘነዘና! የቡና መውቀጫዋን ዘነዘና ይዛ መጥታለች።

«ምን ልታደርጊበት ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እሷን ሳያት አውቃለሁ።»

ሰው ሊሞት ነው፤ በኔ አፍ ሊሞት ነው።

ቡራዩ ወርደን ድንች የምትሸጥ ሴት ጠየቅን። «ያ በሳይክል የሚሄደው ሽማግሌ? ሁሌ ያልፋል። ዋናውን መንገድ አይወደውም፤ በዚህ በጓሮ ይዞ ነው፣ መኪና በማይደርስበት።»

«መኪና በማይደርስበት!» እትዬ አስካለ ዘነዘናውን አጠበቀችው። «ሠላሳ ዓመት በመኪና የኖረ ሰው መኪና የማይደርስበት ምን ይሠራል?»

መንገዱ የአፈር መንገድ ነው። ባሕር ዛፍ አለ፤ የድንጋይ አጥር ያለው የድሮ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጣሪያቸው የዛገ፣ በረንዳቸው የተጣመመ ያረጁ ቤቶች አሉ፤ ከዚያ ዳገት ነው። እውነት ለመናገር ጸጥ ያለ ነው፤ ያን ያህል ጸጥታ ሰምቼ ስለማላውቅ ጆሮዬን ያመመኝ መስሎኝ ነበር። ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ከታች የገፈርሳ ውሃ ተዘረጋ። ጋሽ ተካልኝ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ጫማውን አውልቋል። ዳቦ ይበላል። ብቻውን ነው።

«የታለች?» አለች እትዬ አስካለ።

«አስኩ! እንዴት መጣሽ? ማን የታለች?»

«አታላግጥ። ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«አያለሁ።»

«ምን?»

«ውሃውን ነዋ።» ከዚያ ከነጠላዋ ብቅ ያለውን አየና፣ «ዘነዘናውን ለምን አመጣሽው?» አለ።

እትዬ አስካለ ዘነዘናውን ነጠላዋ ሥር መለሰችው። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ዳቦውን ቆርሶ ለሁለታችን ሰጠንና ያወራ ጀመር። ጅቡቲ ወረፋ ሲጠብቅ ባሕሩ ዳር ፈረንጆች በሳይክል ሲያልፉ ያይ ነበር። ትንሽ ሻንጣ ከኋላቸው አስረው፣ በኮረብታው ቀስ እያሉ፣ ያረጀ መንደር ሲያገኙ ወርደው ግድግዳውን እያዩ። አንዱን በምልክት «ወዴት ነው?» ቢለው ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀና ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት በዚያ ሁሉ አገር ሳልፍ ጭነቴን ነው እንጂ አገሩን አላየሁም» አለ ጋሽ ተካልኝ። «የምሄደው የሰው ዕቃ ስለሚፈለግ ነው። ሳልሞት አንዴ ባዶዬን ልሂድ ብዬ ነው። ባሕሩን ባላገኝ ገፈርሳ አለልኝ።»

እኔ እዚያው ሟሟሁ። እትዬ አስካለ ግን አለቀሰች። «ሴት ብትሆን ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር!» አለች። «ውሃን ምን አደርገዋለሁ? ሠላሳ ዓመት ጠብቄህ፣ ከኔ ሸሽተህ የምትመጣው ምንም ነገር ወደሌለበት ነው? ወይ ሳይክሉ ይሸጥ፣ ወይ እኔ ወደ እህቴ እሄዳለሁ።»

እሑድ ሽማግሌ ተቀመጠ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ወልዴ፣ ጨጓራቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ በሙሉ ክብር መረመሩ። ጠጥቷል? አልጠጣም። ሌላ ቤት አለው? የለውም። ታዲያ ምን ብለው ይፍረዱ? ወንጀሉ ቢኖር ይቅር ይባል ነበር፤ ወንጀል የሌለውን ሰው ይቅር ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተካልኝ መሄዱ ጥፋት አይደለም። ያለ ጉዳይ መሄዱ ነው ትዳሩን ያናጋው። ስለዚህ ጉዳይ ይኑረው። ከመናገሻ በታች ያለው ምንጭ ለጨጓራ ፍቱን ነው ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጄሪካን ይዞልን ይምጣ። ሰውም ወዴት ነው ሲለው መልስ ይኖረዋል።»

ሁሉም «እሰይ!» አለ። እትዬ አስካለም ዓይኗን ጠርጋ እሺ አለች። ጋሽ ተካልኝ ግን ቀና ብሎ ያየው እኔን ነው። ዓይኑ ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

አንዱ ጄሪካን በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሆነ። ጨጓራ የሌለው ሰው ኮልፌ ውስጥ የለም ለካ። በወሩ አራት ደረሰ፤ እንዳይቀያየር በየመያዣው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ ታሰረበት፤ የአቶ ወልዴ ቀይ ነው። ጋሽ ተካልኝ አራት ጄሪካን በሳይክል ጎንና ጎን አንጠልጥሎ፣ ያኔ የጅቡቲ ጭነት ሲያመላልስ የነበረውን ፊት ይዞ በፊቴ ያልፋል። ይጠይቁታል፤ «ውሃ» ይላል። ሲመለስ ፊቱ የሙሽራ ፊት አይደለም። ቁምጣውንም ትቶታል፤ ሱሪ ነው የሚለብሰው። ማመን ትችላላችሁ? ያ ቁምጣ ናፈቀኝ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ አላስቻለኝም። ሊያልፍ ሲል ከሱቄ ወጣሁና የሳይክሉን መሪ ያዝኩ። አራቱንም ጄሪካን ፈታሁ። አንድ በአንድ ወደ ሱቄ አስገብቼ ከባንኮኒው ሥር ደረደርኳቸው። እንደ ሌባ አየኝ። «ወዴት ነው?» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። በሕይወቴ የዋጥኩት ትልቁ ነገር እሱ ነው። ጋሽ ተካልኝ ትንሽ ቆመ፣ ባዶውን ሳይክል ነቅነቅ አድርጎ አየው፣ ከዚያ ሄደ። በየት በኩል እንደሄደ አላየሁም። መስኮቷን ዘግቼ ነበር።

ጄሪካኖቹን? በጓሮዬ ቧንቧ ሞላኋቸው። ምን ታዩኛላችሁ? ሲመለስ ተረክቦ አደለ። አቶ ወልዴ ማክሰኞ ሱቄ መጥተው «የመናገሻ ውሃ እኮ ሌላ ነው የሺ፤ ሽሮ እንኳ በላሁ» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ። ከእድር ቢያስወጡኝ ይገባኛል። ለማንም አልተነፈስኩም፤ እኔ፣ የሺ!

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለተኛውን ጄሪካን ስሞላ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል እትዬ አስካለ ቆማለች። ቧንቧውን መዝጋት እንኳ አልቻልኩም፤ ውሃው ሞልቶ በእግራችን ሥር ይፈሳል። ጄሪካኑን አየች፣ ቧንቧውን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«ወዴት ነው የሄደው?» አለች።

«ዝም ብሎ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ዘጋችና ቀይ ጨርቅ ያለውን ጄሪካን ወደ ራሷ ሳበች።

«የአቶ ወልዴን ክዳን አላጠበቅሽውም» አለች። «ከመናገሻ ድረስ መጥቶ እዚህ ይፍሰስ እንዴ?»