ከመስኮቴ ሥር ያለው ክምር

ዝናብ ያረፈበት የበሰበሰ ቅጠልና የከረመ የሽንኩርት ልጣጭ ሽታ፣ ይኸው ስንት ዓመት አልፎ ከአፍንጫዬ አልወጣም። በየሰፈሩ የወደቀው ነገር ወድቆ እንዲቀር የማይፈቅድ አንድ ሰው አይጠፋም። ለኛ ግቢ የደረሱን ጡረተኛው አናጢ ነበሩ። በሌሉበት «የብስባሽ ሹም» እንላቸው ነበር።

ክቡርነታቸው ያን ሁሉ መስኮት ትተው፣ አፈር እስኪሆን የሚያበሰብሱትን የቆሻሻ ክምር የቆለሉት ከኔ መስኮት ሥር ነው። «ምነው ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ጠፋ?» ብላቸው፣ «ጥላ ይወዳል» አሉኝ፣ ስለ አራስ ልጅ እንደሚያወራ ሰው። «ንጽሕና የጤና መሠረት ነው» የሚለውን በዜማ እያነበብን ላደግን ሰዎች ይህ ትልቅ ፈተና ነበር።

በየማለዳው የየቤቱን የቆሻሻ ቅርጫት ይበረብራሉ። የእንቁላል ቅርፊት፣ የሻገተ ዳቦ፣ የጠወለገ አበባ፣ ምንም አይንቁም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ክምሩ ውስጥ ይሰዱና «ግሏል፤ እየሠራ ነው» ይላሉ። እንግዳ ይዤ ስገባ እንኳ «እስቲ እጅህን ክተትና እየው» ይሉታል።

ባለቤቴ ለጉንፋኗ ልትቀቅለው ደጅ ያሰጣችውን ቅጠል አፍሰው ክምራቸው ላይ የጨመሩባት ቀንማ ደሜ ፈላ።

«የደረቀ መስሎኝ ነው» አሉ።

«እንዲደርቅ እኮ ነው የተሰጣው።»

«እንግዲህ አፈር ይሆናል፤ የትም አይሄድ።» መልሳቸው ሁልጊዜ ይቺው ናት።

በዚህ ተናድጄ ጎረቤቱን ሁሉ ሳሎኔ ሰበሰብኩ። ክምሩ በማግስቱ በጭነት መኪና ተጠርጎ እንዲሄድ ሊወሰን ነው። መስኮቱ ያንተ ስለሆነ የመጨረሻው ቃልም ያንተ ነው ተባልኩ። ሳምንቱን ሙሉ የሳልኩት ምላሴ አላርፍ አለኝ።

አናጢው ምን እንደሚሉ ተጠየቁ።

«አሁን ከተነካ ይበርዳል» አሉ ወለሉን እያዩ። «ክረምቱን ሙሉ ደክሜበታለሁ። ሌላ እንዳልጀምር፣ ዕድሜውስ የታለ?»

የላይኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ሳቀ። «ቆሻሻ ሲያገላብጡ የሚውሉ ሽማግሌ፤ እሳቸውንም አብሮ መጫን ነው።»

ብድግ አልኩ። «አፍህን ሰብስብ። እኚህን ሰው መስደብ የኔ ርስት ነው፤ ሽታውን ስምግ የኖርኩት እኔ ነኝ። አንተ ፎቅ ላይ ተቀምጠህ ምን ሸተተህ? ክምሩ አይነካም።»

ባለቤቴ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እኔ ግን አሁንም ንዴቴ አልበረደም።

አናጢው አላመሰገኑኝም። ጎረቤቶቹ ሲልጡ የዋሉትን የብርቱካን ልጣጭ ከጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ እየለቀሙ ኮት ኪሳቸው ይከቱ ጀመር። ራቅ ያለውን የልጣጭ ሳህን ወደሳቸው ገፋ አደረግሁላቸው። እሱንም አራግፈው ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።