የጠፈር ገበያ በጥቁር ከፋይ ላይ

ሰው ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው የት ነው? የእኔ ግድግዳው ላይ ነው። ባለቤቱ ስለ ራሱ ከሚያወራልኝ ይልቅ ግድግዳው ይበልጥ ይነግረኛልና። በእኛ በሐይቅ ከተማ ግን ግድግዳው ሁሉ ወሬው አንድ ነው፦ ከፋይ ላይ የተሳለ ጣዎስ፣ ከፋይ ላይ የተሳለች ውሃ የምትጠጣ አጋዘን። ልጅ ሆኜ ስትጠጣ አይቻታለሁ፤ ይኸው ሸበትኩ፣ እሷ ግን አሁንም አልረካችም።

የእህቴ ልጅ ይመር ነው ከዚህ ወጣ ያለው። መተዳደሪያው የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝለት ጥቁር ከፋይ ወጥሮ፣ በስልኩ ከሚያያቸው የጠፈር ፊልሞች የተረፈውን ሁሉ ይስልበታል። ሐምራዊ ተራራ፣ ቀለበት ያጠለቀች ጨረቃ፣ ጎማ የሌለው በራሪ ባጃጅ፣ ሦስት ዓይን ያላቸው አረንጓዴ ሰዎች። ሰማዩ ላይ ደግሞ ሴቶች ለጥፍራቸው የሚገዙትን ብልጭልጭ ይነሰንስበታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አያምርም። ግን ዓይን አይለቅም።

የውጫሌዋ ዘሐራ ሥዕሉን ወደደች፤ ቀጥላም ሠዓሊውን። እኔና ጎረቤታችን መሪጌታ ለሽምግልና ተላክን። (ሙሽሮቹ እስላም ይሁኑ ክርስቲያን፣ መሪጌታ የሌሉበት ሽምግልና በሰፈራችን አይሰምርም።) የልጅቷ አባት ሼህ እንድሪስ በአክብሮት ተቀበሉን፤ መልስ ግን ነፈጉን። ልጁ ጂን ይስላል የሚል ወሬ ውጫሌ ድረስ ቀድሞን ኖሯል። አንዱን ሥዕል አምጡና በዓይኔ ልየው አሉን።

ለዚህች ቀን ብቻ ጣዎስ እንዲስል ይመርን ለመንኩት።

"አጎቴ፣ ኋላ ከሚያውቁኝ አሁን ይወቁኝ" አለኝ።

ከሥዕሎቹ ሁሉ ይሉኝታ የሌለውን፣ አረንጓዴዎቹ ሰዎች የሚገበያዩበትን የጠፈር ገበያ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው፣ የተሰረቀ ዕቃ የያዝኩ ይመስል ላብ በላብ ሆኜ ውጫሌ ደረስኩ።

ሳሎኑ ውስጥ ዘረጋነው። ሼህ እንድሪስ መነጽራቸውን አደረጉና ከፋዩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይህም ያው ፍጥረት መሆኑን ተናገሩ። ዘሐራና እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመዋል፤ መጋረጃው አጭር ስለሆነ እግራቸው ይታየኛል። የዘሐራ እግር ቆሞ አይቆምም።

"እነዚህ ሰዎች ውሃ የሚቀዱት ከየት ነው?" አሉ ሼህ እንድሪስ።

ስለ ጥሎሹ፣ ስለ ጎጆው፣ ስለ ልጁ ሥራ ብንጠየቅ መልሱን ተለማምደነዋል፤ ስለ ውሃ ግን አላሰብንም። ለይመር ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጥያቄውን አስተላለፍኩለት።

"ከተራራው ጀርባ ሐይቅ አለ" አለ። "ከፋዩ አልበቃ ብሎኝ ነው ያልሳልኩት።"

ሼህ እንድሪስ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

"እንግዲያው ከኒካው በፊት ከፋይ ጨምርና ሐይቁን ሳለው።"

እኔ የከፋዩን አቀጣጠል ማሰብ ጀምሬአለሁ። መልስ እንደተሰጠን የገባኝ ከመጋረጃው ጀርባ እልልታው ሲቀልጥ ነው።

ሠርጉ አለፈ፤ ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው። ሥዕሉ ሐይቁ ተሰፍቶለት የሼህ እንድሪስ ሳሎን ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሼሁ ብድግ ብለው ያስረዳሉ። ይቺ ከሩቅ አገር የመጣች ነጋዴ ናት፣ ዛሬ ገበያው አልቀናትም፤ ያ ጥግ የቆመው ደላላው ነው፣ አንዱ ዓይኑ ለገዢ፣ አንዱ ለሻጭ፣ ሦስተኛው ለራሱ።

በቀደም ይመር አጠገቤ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ፣ ኧረ እኔ ደላላ አልሳልኩም ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ። ታዲያ ንገራቸዋ አልኩት።

ሻዩን ፉት አለና ለሼሁ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አማች ነዋ።