በዓይኔ በብረቱ

እትዬ መስኮት የሌሉበት ሰፈር የለም። አለ የሚል ሰው ካለ፣ መንገድ ሲሄድ ቀና ብሎ አያውቅም ማለት ነው። ቀና ቢል ኖሮ ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከመጋረጃው ጥግ፣ ክርናቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው፣ መነጽራቸውን አናታቸው ላይ እንደ ዘውድ ደፍተው፣ ማን ወጣ ማን ገባ የሚሉ አንዲት ሴት ያይ ነበር። እሳቸውማ እሱን ካዩት ቆይተዋል። ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ጫማውን ስንት ጊዜ እንዳሳደሰ፣ ዳቦውን ከየትኛው ሱቅ መግዛት እንደተወና ለምን እንደተወ ያውቃሉ።

የዚህ ታሪክ እትዬ መስኮት በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስም ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። በወጡ ማግስት መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ተቀመጡ፤ ሥራው ከዚያ ወዲህ ተቋርጦ አያውቅም። አንድ ጊዜ የፀጉር አስተካካዩ መሰላል ጠፋና ሰፈሩ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። እትዬ መስኮት ከላይ ሆነው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ቡኒ ሱሪ የለበሰ፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ» አሉ። መሰላሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቃቸው ደፋር ከተገኘ መልሳቸው አንድ ነው፤ «በዓይኔ በብረቱ!»

በዚህ ዓለም ላይ አንቺ የሚላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ። እሱ ከከተማው ማዶ በአንድ ድርጅት ውስጥ ስልክ ያነሳል። የገዙት ዕቃ አልሠራ ያላቸው ሰዎች ይደውላሉ፣ እሱ «ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል?» ይላል። ከጠዋት እስከ ማታ ይህንኑ ሲል ይውላል፤ አንዳንዴ በእንቅልፉም ይለዋል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሥራው ጋብ ሲል ግን የሚደውለው እሱ ነው።

«እሺ አክስቴ፣ ዛሬስ?»

«ዛሬማ የልብስ ሰፊው አረንጓዴ ሸራ ነፋስ ገብቶበት ከፍ ዝቅ ይላል። የመድኃኒት ቤቱ ድመት አጥሩ ላይ ተዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። ያቺ ባለ ቀይ ኮት ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ነው፤ ዛሬም አንዱ ካልሲዋ ወርዷል።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ያዘነብልና ዓይኑን ይጨፍናል። የቢሮው ጫጫታ ቀስ እያለ ይርቃል፤ አረንጓዴው ሸራ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፤ ድመቷ ጅራቷን ታነሳለች፤ ቀይ ኮቷ በጥላውና በፀሐዩ መካከል ትጠፋለች፣ ትታያለች። አምስት ደቂቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚሰማቸው ድምፆች ሁሉ ደስ የሚለው ይህ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ነገር ተበላሸ። የእትዬ መስኮት በር ተንኳኳ። ከፈቱና «ግባ የኔ ጌታ፣ ቀሚሴን ሰፍተህ ጨረስክልኝ?» ብለው አንድን ሰው እጁን ይዘው አስገቡ። ሰውዬው ልብስ ሰፊው አልነበረም፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። እምቢ ማለት አፍሮ ሻዩን ጠጣ፣ ስለ ቀሚሱም ይቅርታ ጠየቀ፣ ቆጣሪውን አንብቦ ሄደ። እትዬ መስኮት ይህን በስልክ ሲያወሩ እየሳቁ ነበር፤ «ድምፁን ጉንፋን ዘግቶት ነው ያሳሳተኝ» አሉ። የወንድማቸው ልጅ ግን አልሳቀም።

«ሌባ ቢሆንስ?»

«ሌባ ቢሆንማ አውቀው ነበር።»

በማግስቱ የቤት መጠበቂያ ካሜራ ገዛ። በር ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ እሱ በስልኩ እንዲያይ ነው። ሰኞ ጠዋት በሚያውቀው የታክሲ ሹፌር ላከላቸውና ቁርጡን ነገራቸው፤ እስከ ቅዳሜ ካሜራው ካልሠራ እቃሽን ጠቅልለሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ። የእሱ ቤት አንድ መስኮት አለው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው።

«ግድግዳውን ልጠብቅ?» አሉ እትዬ መስኮት ቀስ ብለው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ይሠራል፣ ምን ሆኖ አይሠራም» አሉ።

አልሠራም።

ከካሜራው ጋር የመጣው መመሪያ አጭርና ግትር ነው፤ ደረጃ አንድ፣ ሰማያዊዋ መብራት እስክትበራ ይጠብቁ፤ ሳትበራ ወደ ደረጃ ሁለት አይለፉ ይላል።

«ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል?»

«ተሰክቷል።»

«ማብሪያ ማጥፊያውስ?»

«አብርቼዋለሁ።»

«ሰማያዊ መብራት አለ?»

«የለም። አልበራም።»

«ጠጋ ብለሽ እይው።»

«ከዚህ በላይ ከተጠጋሁ እስመዋለሁ!»

ማክሰኞ ሶኬቱ ተጠረጠረ። ሬዲዮ ሰኩበት፤ ሬዲዮው ሰዓቱን ተናግሮ ዘፈን ጀመረ። ማራገቢያ ሰኩበት፤ መጋረጃውን አስጨፈረው። ካሜራውን መልሰው ሰኩ፤ አልበራም። ከጀርባው ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብተው እስከ አሥር እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። ቀዳዳዋን በጣታቸው ዳብሰው አገኟት፣ አሥር ቆጠሩ፣ ለጥንቃቄ ሃያ ጨመሩበት። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልበራም!» አሉ፤ እንዲህ ከማሉ በኋላ ማን ይከራከራቸዋል?

ረቡዕ በወንድማቸው ልጅ ልመና ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሁለት ፎቅ ወጥቶ «እስቲ እኔ ልየው እትዬ» አለ። በሩን በአካላቸው ሞልተው ቆሙ። «እኔ ያላየሁትን አንተ ልታይልኝ ነው? ይልቅ ቀሚሴን ጨርስ» ብለው መለሱት። ሐሙስ የወንድማቸው ልጅ በምሳ ሰዓቱ ሱቅ ድረስ ሄዶ አዲስ ካሜራ አስወጣ። ሻጩ ሲሰካው ሰማያዊዋ መብራት ቦግ አለች። ደስ ብሎት ምሳውን ሳይበላ ላከላቸው። ከሰዓት በኋላ «አልበራም» አሉት።

«ሱቅ ውስጥ እኮ በርቷል አክስቴ!»

«ሱቅ ውስጥ ሰው ስላየው ተኩራርቶ ነዋ። እኔ ቤት ሲደርስ ያኮርፋል።»

ዓርብ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተላከ። እትዬ መስኮት በንዴት ካሜራውን መሳቢያ ውስጥ ከተውት ስለነበር ሰውዬው ሶኬቱን ብቻ ለክቶ «ቤቱ ጤነኛ ነው» ብሎ ወጣ። ካሜራው የት እንዳለ ማንም አልነገረውም።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ሲደውል የካሜራው ነገር አልተነሳም። እትዬ መስኮት ሰፈሩን ነገሩት፤ አምስት ደቂቃ ሳይሆን ሠላሳ ደቂቃ። ሸራውን፣ ድመቷን፣ ቀይ ኮቷን፣ የፀጉር አስተካካዩን ነጭ ጋውን፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ሁሉ አንድ በአንድ ተረኩለት፤ ሊሰናበት እንደተነሳ ሰው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና ሲገልጠው ረጥቦ አገኘው። ቢሆንም ሁለት ባዶ ሻንጣ ከጓደኛው ተዋሰ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲከፈትለት ሻንጣዎቹ ከእጁ ሳይወርዱ ቆመ።

ከበሩ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ እትዬ መስኮት የመጨረሻ ዕድል ሊሰጡት መልሰው የሰኩት ካሜራ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ሰማያዊ መብራት በዝግታ ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ደግማ ትበራለች። ማንንም አልተቀየመችም፤ በሁለቱም ካሜራዎች ላይ፣ በተሰኩ ቁጥር ስትበራ ነበር።

«አክስቴ፣ በርቷል እኮ።»

«በዚህ እንኳ አትቀልድብኝ።»

እጁን ከመብራቷ ፊት ዘረጋ። መዳፉ ሰማያዊ ሆነ። እሳቸው መዳፉን አዩ፤ ካሜራውን አዩ፤ ከዚያ ፊቱን፣ ፊቱ ይኖርበታል ብለው ያሰቡበትን ቦታ አዩ።

መሥሪያ ቤቱ የሰጠው የጥያቄ ዝርዝር አሥራ ሁለት ጥያቄ አለው። ስለ ሶኬት፣ ስለ ገመድ፣ ስለ ማብሪያ ማጥፊያ ይጠይቃል። ደንበኛው ያያል ወይ የሚል የለበትም። እሱም በራሱ አክስት ላይ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ወርዶበታል። አፈረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እትዬ መስኮት ወንበራቸውን ሳይፈልጉ አግኝተው ተቀመጡ። «ጭጋግ መስሎኝ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ከዚያ እስከ ምሳ ቆየ። ከዚያ ጭራሽ አልነሳ አለ፤ ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ መስኮቴን ትወስድብኛለህ። ደግሞስ አሥር ሰዓት ላይ ስትደውል ምን ልልህ ነው?»

«ታዲያ ያ ሁሉ የምትነግሪኝ...»

«ድምፅ አለ። ሰዓት አለ። የቀረውን ድሮውንም አውቀዋለሁ።»

የወንድማቸው ልጅ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከታች የልብስ ሰፊው ሸራ ተወጥሯል። ሰማያዊ ነው። አዲስም አይደለም፤ ፀሐይ በልቶት ጠርዙ ነጥቷል። አጥሩ ላይ ድመት የለችም። ከአውቶቡስ ላይ ጥቁር ቦርሳ የያዘች ረዥም ወጣት ወረደች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትራመደው ያቺ ባለ ቀይ ኮት ልጅ ነች፤ ኮቱ ካጠራት ሰንብቷል።

ያስደነገጠው ግን የእሳቸው አለማየት ብቻ አልነበረም። እሱ ራሱ በየቅዳሜው በዚያ ሸራ ሥር ያልፋል። ከአምስት ደቂቃ በፊትም አልፏል። ሸራው ምን ዓይነት ቀለም ነው ብሎ የጠየቀው ቢኖር አፉን ሞልቶ አረንጓዴ ይል ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ ብሎም ይምል ነበር። ለካ እሱም ሰፈሩን አይቶት አያውቅም፤ ሲነገረው ነው የኖረው።

«ሸራው ዛሬ እንዴት ነው?» አሉ ከኋላው።

«አረንጓዴ ነው» አለ። «ነፋስ ገብቶበታል።»

ሻንጣዎቹን በሩ ጥግ ትቶ አክስቱን ወደ ዓይን ሐኪም ይዟቸው ሄደ። እትዬ መስኮት ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አይደሉም። ግድግዳው ላይ ያለውን የምልክቶች ሰሌዳ ያንብቡ ሲባሉ «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ» እያሉ እስከ መጨረሻው መስመር አንድ ሳይስቱ አነበነቡት። ሐኪሟ በጣም ተደነቀች። ከእሳቸው በፊት የገባው ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብ ከውጭ ሆነው በቃላቸው እንደያዙት የገባት ሰሌዳውን ስታዞረው ነው።

«ሞራ ነው» አለች የካሜራውን ታሪክ ከሰማች በኋላ መብራቷን አጥፍታ። «እንደ ካሜራው ያለች ትንሽ ሰማያዊ መብራትማ ከሁሉ ቀድማ ነው የምትጠፋው። ግን ይገፈፋል እናቴ። ዓይንዎ ይበራል።»

«ይበራል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የወንድማቸውን ልጅ ክንድ ጨበጡ። ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁበት የከረሙት ቃል ነበር።

አንዱ ዓይን ተሠራ፤ ቆየት ብሎ ሁለተኛው። የመጨረሻው ፋሻ በተነሳ ማግስት እትዬ መስኮት ትራሳቸውን አራግፈው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። እሱ አጠገባቸው ቆመ። ሰፈሩ ጥሏቸው መሄዱን ሲያዩ ምን ይሆኑ ይሆን ብሎ ፈርቷል። ፀሐይዋ ከፀጉር አስተካካዩ መስታወት ላይ ተነስታ አጥሩ ላይ እስክትደርስ እትዬ መስኮት ሰፈሩን አንድ በአንድ አዩ።

«ሸራው ሰማያዊ ነው።»

«አዎ።»

«አረንጓዴ ነው ብለኸኛል።»

«አዎ።»

«አሳድጌ አሳድጌ ዋሾ አወጣሁ» አሉና እጁን ሳብ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ቁልቁል ወደ ልብስ ሰፊው «የመድኃኒት ቤቱ ድመትስ?» ብለው ተጣሩ።

«አምና ሞታለች እኮ እትዬ!»

እትዬ መስኮት ባዶውን አጥር አዩት። «ውይ» አሉ፤ «አንድ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሳሞቃት ነበር።» ዓይናቸው እንባ ሞላው፤ ሐኪሟ ማልቀስ ስለከለከለች ግን በቶሎ ተዉት። ከሰዓት በኋላ የረዥሟን ወጣት ቦርሳ፣ የፀጉር አስተካካዩን ሽበትና የሁለት አዲስ ጎረቤቶችን ኩርፊያ መዝግበው ጨርሰው ነበር። ሻንጣዎቹ ባዷቸውን ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ። የወንድማቸው ልጅ በዚያ ቀን ደረጃውን ሲወርድ በዘመኑ ካወቃቸው ሰፈሮች ሁሉ ያማረውን የሠሩለት እኚህ ሴት መሆናቸውን አሰበ። ደረጃው መሃል ቆሞ ለብቻው ሳቀ። ሲወጣም ቀና ብሎ እጁን አውለበለበ፤ እሳቸው ቀድመው አውለብልበው ነበር።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ በካሜራው መመሪያ ወደ ደረጃ ሁለት አለፉ።

«ሰማያዊ መብራት አለ?»

«አለ። እንዴት ያለ ቆንጆ ሰማያዊ ነው! የልብስ ሰፊው ሸራ አጠገቡም አይደርስ።»

የወንድማቸው ልጅ ስልክ መስታወት ብልጭ አለና የእትዬ መስኮት ቤት መጣ፤ በሩ፣ መደርደሪያው፣ የመጋረጃው ጥላ። ከዚያ ምስሉን በሙሉ አንድ ትልቅ ፊት ሞላው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ካሜራውን ከቅርብ ያዩታል፤ ዓይናቸው የነጣ፣ የጠራ ነው።

«አየኸኝ?»

«አየሁሽ አክስቴ።» ስልኩን ጠጋ አደረገ። «በደንብ ነው የማይሽ።»

እትዬ መስኮት ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ካሜራው ውስጥ ገቡ ማለት ይቻላል። «ከስተሃል» አሉ።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ በዚያ በኩል አልታይም። ካሜራው አንቺን ለእኔ ያሳያል እንጂ እኔን ላንቺ አያሳይም።»

«ለማን ነው የምታስተምረው? በዓይኔ በብረቱ እያየሁህ! ሸሚዝህም አልተተኮሰም።»

የወንድማቸው ልጅ ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አየ። አልተተኮሰም ነበር።