ባሕር ያጠበው ጀሪካን

እኔ ፕላስቲክ ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። እንስራ ተሸክማ ወገቧ የጎበጠ ሴት ፊት ጀሪካን ማማት እንደማያምር እኔም አላጣሁትም። እንስራ ባዶውን እንኳ ይከብዳል፤ አንዴ ከጀርባ ከወረደ ደግሞ ገል ነው። ጀሪካን ግን ወድቆ ይነሳል። በደርግ ጊዜ በከተማችን በመካነ ሰላም ጀሪካን ያላት ሴት ምንጭ ስትወርድ አረማመዷ ራሱ ይለይ ነበር።

እኔ ያኔ የጭነት መኪና ረዳት ነኝ። ትምህርቱን ሰባተኛ ላይ ተውኩት፤ እሱም አልናፈቀኝ፣ እኔም አልናፈቅኩት። ደግሞስ ለአፈሳ የሚመቸው አንድ ቦታ የሚቀመጥ ጎረምሳ አይደል? መኪና ላይ የተንጠለጠለን ማን ያፍሰዋል! ሹፌሬ ጋሽ ይመር ይባላል። ከደሴ አሰብ፣ ከአሰብ ደሴ፣ ሲገኝ ደግሞ በዚያ አጥንት በሚያላቅቅ መንገድ እስከ መካነ ሰላም።

አሰብ ላይ ጭነት እስኪደርሰን ውሃው ዳር እቀመጣለሁ። የደጋ ልጅ ባሕር ሲያይ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ይቀምሰዋል። ቀምሼ ተፋሁት። ቀጥሎ አሸዋውን አየሁ። ምስር የሚያክል፣ ጤፍ የሚያክል ፕላስቲክ ተበትኖበታል። የጫማ ይሁን የባልዲ አይታወቅም፤ ፀሐይና ማዕበል ፈጭተውታል። አንዷን አንስቼ አሸተትኩ። ናፍጣ! ናፍጣ ተቀምጦባት ነው እንዳልል፣ ይህቺን የምታክል ነገር ምን ትይዛለች?

አጠገቤ ዓሣ የሚያጸዱ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ግራ መጋባቴን አይተው፣ ወደ መርከቦቹ በአገጫቸው እያሳዩ አስረዱኝ። መርከብ የሚደፋውን ዘይት ውሃው አይቀበለውም አሉኝ፤ ዘይቱም ሲንከራተት ይቆይና ፕላስቲክ ያገኘ ዕለት፣ በሰው አገር ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ጥምጥም ይላል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ባሕር ይኸው ማደሪያ እያለው ፕላስቲክ ይዞ ይዞራል። ሽማግሌው የዓሣውን ሆድ ሰንጥቀው አሳዩኝ። ያቺው ምስር የምታክል ፍርፋሪ ውስጡ አለች። ምግብ መስላው ነው የዋጣት። ሆዱን ጣሉና ሥጋውን ጠበሱ፤ እኔንም ጋበዙኝ። ብዙ አሰብኩበት። ግን ርቦኝ ነበር፤ በላሁ።

ያን ቀን ጋሽ ይመር ማዕበል የተፋውን ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ መጣ። ለእትዬ ዘሃራ ነው አለ። እትዬ ዘሃራ የመካነ ሰላም ጎረቤታችን ናቸው፣ በቀሪቦ የታወቁ። ቀሪቦ ያው ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። የሙስሊሙ መጠጥ ይባላል እንጂ፣ ክርስቲያኖቹም፣ እኛን ማለቴ ነው፣ "እስቲ ልቅመሰው" እያልን እንጨርሰዋለን። የልጃቸው የሞሚና ኒካ ደርሷል፤ ሙሽራው የኩታበር ሰው ነው። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይሸታል" አልኩት። "አንተ ልጅ፣ ባሕር ሙሉ ውሃ ያጠበውን ዕቃ ከዚህ በላይ ማን ሊያጥበው ነው?" አለኝ። ተቀብዬ መኪናው ላይ ጫንኩት። እናንተስ ምን ትሉት ነበር?

እትዬ ዘሃራ አፍንጫ አላቸው። ገና ሲከፍቱት "አዑዙ ቢላሂ!" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ግን ጀሪካን ይጣላል እንዴ? በአመድ አጠቡት። ግራዋና ጠጠር ከተው ናጡት። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የወተት ቅል የሚታጠንበትን መላ አመጡ፤ ወይራ አጭሰው አፉን ጭሱ ላይ ደፉት። ሸክላም ቅልም የጠጡትን በጭስ ይተፋሉ፤ እናቶቻችን ያወቁት ይህንን ነው። ፕላስቲክ ሌላ ፍጥረት መሆኑን ማን ነገራቸው? አፉ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተጣመመ።

"እማዬ፣ አማቴ ነገር ሲሰሙ እንዲህ ያደርጋቸዋል አሉ" አለች ሞሚና።

"ዝም በይ፣ አንቺ ባለጌ!" አሉና አሸተቱት። ወይራ፣ ወይራ ብቻ። "አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀ።" ቀሪቦውን ሞሉበትና በጨርቅ ወተፉት። በጋን ያለው ለሰፈር ሰው፣ በጀሪካን ያለው ለአማቾች ተባለ። ዘመናዊ ዕቃ ለዘመድ ካልታየ ለመቼ ነው?

የኒካው ዕለት ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ዋለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ጀሪካን ያባውን ደግሞ ፀሐይ። ስቀዳ ሸተተኝ፤ ከላይ ወይራ፣ ከሥር አሰብ። ሮጬ ለእትዬ ዘሃራ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ግን የመጀመሪያው ጣሳ የሙሽራው አባት፣ ሼህ እንድሪስ እጅ ገብቷል። ወጉ ደግሞ እሳቸው ዱዓ አድርገው ካልቀመሱ ማንም አይጠጣም ነው። ቀምሰው ካስቀመጡ፣ ልጅቷን ከነስሟ አስቀመጧት ማለት ነው። ሞሚና በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች፤ አሁን ቀልድ የለም።

ሼህ እንድሪስ ዱዓቸውን ጨረሱ። ቀመሱ። ቆም አሉ። ከዚያ ጨለጡት!

"ማሻ አላህ!" ብለው ጣሳውን ዘረጉ።

ይሉኝታ ነው ብለን ደነገጥን። እትዬ ዘሃራ ጣሳውን ተቀብለው ወደ ጋኑ ሮጡ፤ ንጹሑን ቀድተው አቀረቡላቸው። ሽማግሌው ቀመሱና ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። ጣሳውን አስቀመጡት።

"ዘሃራ እህቴ፣ ይሄስ ምን ጎደለው? የፊተኛው ልክ የቤቴ ውሃ ጣዕም ነበረው።"

ለካ ኩታበርም ውሃ በጀሪካን መቅዳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ያውም ላምባ ሲመላለስበት በኖረ ጀሪካን። ያን ጊዜ ያ ፍርፋሪ የዋጠ ዓሣ ትዝ አለኝና ለመሳቅ የተከፈተው አፌ ተዘጋ። እኒያ ሰዎች ስንት ጣሳ ጠጥተዋል? እኔስ አሰብ ላይ ስንቱን በልቻለሁ? ይህን የሚያስብ ሌላ ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም። እትዬ ዘሃራ "ውሃ በዝቶበት ነው፣ አፉ ይበሉኝ!" እያሉ ወደ ጀሪካኑ ተመለሱ።

ሞሚና በሰላም ተዳረች። ስሙ የጠፋው ጋኑ ነው።